ካርቱን እያየሁ ጡረታ ወጣሁ

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ሁሉ «ከምን ሥራ?» ይለኛል። ካርቱን ከማየት ስለው ይስቃል። እኔ ግን ቀልዴን አይደለም። ሮም ውስጥ፣ በአናኛና በኩል ባለች አንዲት የሰፈር ቤተ መጻሕፍት፣ ወላጆች አንድ የልጆች ካርቱን ለቤታቸው ይስማማ እንደሆነ ሲጨነቁ የማማክር ሠራተኛ ነበርኩ። ጠረጴዛ ነበረኝ፤ ስሜ አስካለ ተብሎ የተጻፈበት ካርድም አንገቴ ላይ ይንጠለጠል ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ግን እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምትናገረው «የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት» እያለች ነው። አንድ ጊዜ በስልክ እውነቱን አስረዳኋት። ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ።

አሁን ጡረታዬን ይዤ ቤቴ ተቀምጫለሁና ልናገር ነው።

ሮም ስመጣ እንደ አብዛኛው የአገሬ ሴት የጀመርኩት በቤት ሠራተኝነት ነው። የመጀመሪያው ቤቴ መንታ ወንዶች ልጆች ነበሩት። እናትና አባት ማለዳ ይወጣሉ፤ እኔ፣ መንታዎቹና ቴሌቪዥኑ እንቀራለን። ጣልያንኛ የተማርኩት ከዚያ ቴሌቪዥን ነው። አስተማሪዬ ሰይፍ የታጠቀ የካርቱን ድንቢጥ ነበር፤ ሲናገር እንደ ጥንት ባላባት ነው። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ክዌስቱራ የሚሉት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የሄድኩ ዕለት፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን ፖሊስ በማውቀው ብቸኛ የአክብሮት ቋንቋ ሰላም አልኩት። ያልኩት ነገር ወደ አማርኛ ቢመለስ «ጀግናው ፈረሰኛ ሆይ፣ ከደጅህ ቆሜያለሁ» እንደማለት ነው። ፖሊሱ ባልደረቦቹን ጠርቶ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። ወረቀቴ እንደዚያን ቀን ቶሎ አልቆ አያውቅም።

እነዚያ መንታዎች ሳያውቁት ሙያ አስያዙኝ። የትኛውን ካርቱን አይተው እንደሚደባደቡ፣ የትኛውን አይተው እህል እንደሚበሉ፣ የትኛውን አይተው ሽንት ቤት ብቻቸውን መሄድ እንደሚፈሩ ለየሁ። እናትየው ማታ ስትመጣ እነግራታለሁ። እሷ ለጓደኞቿ ነገረች። ጓደኞቿ ይደውሉልኝ ጀመር። ከእነሱ አንዷ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር የሚሠራ ኮፔራቲቫ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ውስጥ ነበረችና፣ አማርኛ የሚችል ሰው ሲፈልጉ እኔን ጠራችኝ። ሰፈሩ ሐበሻ የሞላበት ነው፤ ስደተኞች የሰፈሩበት ሕንፃ፣ ሰላም ፓላስም ሩቅ አይደለም። ስለ ደመወዙ ብዙ አላወራም፤ ብዙ የሚያስወራም አልነበረም።

የኮፔራቲቫው አለቃ ስብሰባ የሚወድ ደግ ሰው ነበር። አንድ ቀን፣ ወላጅ ጊዜ ስለሌለው በየዲቪዲው ጀርባ ባለቀለም ወረቀት ይለጠፍ ብሎ አዘዘ። አረንጓዴው ለሁሉም፣ ቢጫው በጥንቃቄ፣ ቀዩ በብዙ ጥንቃቄ። ለጠፍን። ሳምንት ሳይሞላ አረንጓዴው እንዳለ ተቀምጦ ቀዩ ከመደርደሪያው አለቀ። ማንበብ የማይችሉት ሕፃናት ሳይቀሩ ቀዩን ለይተው ነው የሚያነሱት። የእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አየበት። አንድ አባት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተደርድሮ ሲያገኝ ዓይኑ እንባ ሞላና፣ ለኢትዮጵያውያን ተብሎ የተለየ መስሎት መደርደሪያውን በሙሉ ልዋስ አለ።

ወረቀቱን አንድ በአንድ በጥፍራቸው የላጡት ሲኞራ ኦርኔላ ናቸው። የልጆቹ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ከኪሳቸው ብርቱካን የማይጠፋ ሴት። ሁሉንም አንተና አንቺ ነው የሚሉት፤ እሳቸውን ግን በልቤም ቢሆን አንቺ ማለት አልሆነልኝም። ቀለሙ ስለ ካርቱኑ እንጂ ስለ ቤቱ ምንም አያውቅም ብለው አለቃውን ዝም አሰኙት። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድን ካርቱን ሦስት ጊዜ ያዩት ነበር። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው። ሙዚቃው ሲጠፋ በሣቅ የተሸፈነው ጥፊ ሁሉ ይጋለጣል፤ ማን ማንን እንደሚገፋ፣ በማን እንደሚሣቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለተኛ ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ብርቱካን እየላጡ ያዳምጣሉ። ልጣጩ ሳይበጠስ ካለቀ ካርቱኑ ሰላማዊ ነው። እየተበጣጠሰ ከወደቀ ጯሂ ነው። መጀመሪያ ሳይ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እኔ ራሴ ስሞክረው እጄ በየጩኸቱ ሲዘል አየሁ።

ሦስተኛው ከልጅ ጋር ነው። ወለል ላይ፣ ልጁ ፊት ለፊት ቁጭ ይሉና ስክሪኑን ትተው እግሩን ያያሉ። ልጅ አዋቂ እንደሚያየው ካወቀ ፊቱን ያሳምራል፤ እግሩን ማሳመር ግን ትዝ አይለውም። ሲሰለቸው ያወዛውዘዋል። ደስ ሲለው የእግሩ ጣቶች ይኮማተራሉ። ሲፈራ ደግሞ ሁለቱንም ከወለሉ አንሥቶ ወንበሩ ላይ ይሰበስባል። እንግዲህ እኔ ዓመታት የኖርኩት የሕፃናት ካልሲ እያየሁ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወላጁን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «ቤት ውስጥ ማን ማን አላችሁ?» ይላሉ። ጠበቃም ይምጣ፣ ግንበኛም ይምጣ፣ ያንኑ ነው የሚጠይቁት። እኔ ለወግ ያህል የሚጠይቁት ይመስለኝ ነበር።

የእኛ ሰዎች የሚያመጡልኝ ጉዳይ ከጣልያኖቹ ይለያል። ጣልያኖቹ ስለ ስድብና ስለ ሽጉጥ ይጠይቃሉ። የእኛዎቹ፣ ልጁ ለአባቱ ሲመልስ ዓይኑን አፍጥጦ ነው ወይ፣ ውሻው ከሰው ጋር ይበላል ወይ ይሉኛል። በሑዳዴ መካከል ዓይብ የሚሰርቅ አይጥ ያለበትን ካርቱን የመለሰች እናት ነበረችኝ። ልጇ አይጡ ለምን አይጾምም ብሏት መልስ አጥታ ነው። በፋሲካ ማግስት መጥታ ወሰደችው።

ቀለም ቀቢው አቶ ሙሉጌታ ግን ሁሉንም ያስንቃል። ልጁ ናታን፣ ከአንድ ሕፃን ጋር ጓደኛ የሆነና ቲማቲም ብቻ የሚበላ ዘንዶ ያለበትን ካርቱን ይወድ ነበር። ቤታቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አለ። አንድ ጠዋት አቶ ሙሉጌታ ሊጸልይ ቢቆም፣ ዘንዶው ጦሩ በገባበት ቦታ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎለት አገኘ። ናታን ወንበር ላይ ወጥቶ ነው የለጠፈው። አባትየው ፕላስተሩን ማንሣት ፈራ፤ ሥዕሉ እንዳይላጥ። ቄሱን መጥራትም አፈረ። የመጣው ወደ እኔ ነው፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቀለም በቅንድቡ ላይ።

ሲኞራ ኦርኔላ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቁት። ከናታን ጋር ካርቱኑን ማን እንደሚያይ ሲመረመር ማንም አያይም። ሥዕሉንም ማንም አስረድቶት አያውቅም። አቶ ሙሉጌታ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያይ፣ ከዚያም የቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ ከመጀመሪያው እንዲነግረው ተስማማን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በደስታ ተመልሶ መጣ። በሥዕሉ ያለው ዘንዶ ሰው በላ፣ የካርቱኑ ደግሞ ሌላ ወገን እንደሆነ ከልጁ ጋር ተግባብተዋል። ቲማቲም እስከበላ ድረስ ጊዮርጊስ አይነካውም ተባብለዋል። ካርቱኑን ለራሱ አድሶ ተዋሰው።

እንዲህ እየተሳሳቅኩ ስኖር ነው ጽጌ የመጣችው።

ለማያውቅ ልንገር። ሮም ውስጥ በሰው ቤት አድራ የምትሠራ ሴት፣ እኛ ፊሳ የምንላት፣ ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ከሰዓት የእኛ ሴቶች ከየፎቁ ይወርዳሉ። ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው ጎዳና ይሞላል፤ አውቶቡሱ አማርኛ በአማርኛ ይሆናል። የእኔም ጠረጴዛ ወረፋ የሚይዘው ሐሙስ ነበር። ጽጌ በዚያ ወረፋ መጣች፤ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት። ለስድስት ዓመት ልጇ ለሜላት ጥሩ ካርቱን ፈለገች። ቤት ውስጥ ማን ማን አላችሁ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ለጣልያን ሁሉ ያለ ሐሳብ እጠይቃለሁ። የእኛን ሴት ግን እንዴት ተደርጎ? ባልሽ የት ሄደ ማለት ይሆናል። ልጅሽን ማን ጋ ጥለሽ ነው የምትሠሪው ማለት ይሆናል። ይሉኝታ ያዘኝና ዘለልኩት።

አንዲት ትንሽ ቀበሮ ያለችበትን ካርቱን ሰጠኋት። ሦስቱንም ፈተና ያለፈ ነበር፤ ብርቱካኑም አልተበጠሰም። እናት ቀበሮ ጠዋት ሥራ ትሄዳለች፣ ግልገሏ ቀኑን ትጫወታለች፣ ሲመሽ እናት እየዘፈነች ወደ ጉድጓዱ ትመለሳለች። ሁሉም ክፍል የሚያልቀው በዚያ መዝሙር ነው። ለእናንተ የተሠራ ነው አልኳት። እሷም ይሉኝታ ይዟት አመስግና ወሰደችው።

አንድ ሐሙስ ወረፋ ሳትይዝ ቀጥ ብላ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«እትዬ አስካለ፣ ለእናንተ የተሠራ ነው ብለውኝ ነበር።»

ከዚያ ነገረችኝ። ሜላት የምትኖረው ከጽጌ ጋር ሳይሆን ከአክስቷ ጋር ነው። ጽጌ ደግሞ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት ፊሳ ናት። ካርቱኑን ማየት ከጀመረች ወዲህ ሜላት ሲመሽ ጫማዋን አድርጋ ከበር ኋላ ትቀመጣለች። እራት አትበላም። አክስቷ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ነበር። የዚያን ዕለት ጽጌ ዳቦ ገዝታ ልትጠይቃት ስትገባ ልጅቷ በጣልያንኛ፣ እውነተኛ እናት ማታ ማታ ትመጣለች፣ አንቺ የሐሙስ እናት ነሽ አለቻት።

«ሥራውን ልተወው ነው» አለችኝ ጽጌ። «ኮንትራት ከሌለኝ ፔርሜሶዬን አያድሱልኝም፤ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ተብሎ እንዴት ይኖራል?»

እስከ ማክሰኞ ጠብቂኝ ብቻ አልኳት። እንደዚያን ቀን በሥራዬ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። አውቶቡስ ላይ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበረው ሰው ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ሲኞራ ኦርኔላ ሲሰሙ አላጽናኑኝም። ቤት ውስጥ ማን ማን አሉ ብለሽ ጠየቅሽ ወይ አሉኝ። አልጠየቅኩም አልኩ። ለምን አሉ። ይሉኝታን ለጣልያን ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ብርቱካን ላጥኩላቸው፣ በእጄ አስረዳሁ፣ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ገባቸው።

«አሎራ»፣ እንግዲህ እንደማለት፣ አሉ፣ «ሁለታችሁም ጨዋ ሆናችሁ፤ ልጅቷ ከበር ኋላ ተቀመጠች።»

ከዚያ ጥያቄውን ሄጄ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ጽጌን ደውዬ ጠየቅኳት። እሷ ባለችበት ቤት ማን ማን አሉ? እሷና ሲኞራ ኤልቪራ ብቻ። ሲኞራ ኤልቪራ ጡረታ የወጡ የላቲን መምህርት ናቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳሉ፣ ከልጅና ከድመት አንዱም ቤቴ አይገባም ብለው በውሉ ጊዜ ተናግረዋል። ሲመሽስ ምን ይሠራሉ? የጥያቄና መልስ ውድድር እያዩ ቴሌቪዥኑን ይሳደባሉ።

ካርቱኑን ከመከልከል ይልቅ አብረው ይዩት አልኩ። ሜላት አክስቷ ቤት፣ ጽጌ በሲኞራዋ ማድ ቤት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ስልኩ ተከፍቶ። መዝሙሩ ሲመጣ ጽጌ አብራ ትዝፈን። ለአንድ እናት ትልቅ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሌላ አልነበረኝም።

ሲኞራ ኤልቪራ ጆሯቸው ደካማ ነው፤ የተደበቃቸውን ነገር ግን ይሰማሉ። በሁለተኛው ምሽት ማድ ቤት ውስጥ የምን ዘፈን ነው ብለው ጠየቁ። ጽጌ እውነቱን ተናገረች። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አድርጊውና ልየው አሉ። እስከ መጨረሻው በቁጣ አዩት። ከዚያ ይህች ቀበሮ ልጇን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ትታ የምትሄድ ምን ዓይነት እናት ናት ብለው ፈረዱ። በተከፈተው ስልክ ውስጥ የሜላት ድምፅ መጣ።

«ሥራ ሄዳ ነው፣ ሲኞራ» አለች። «ካልሠራች ምን ይበላሉ?»

ለሲኞራዋ ለብዙ ዓመት ማንም አልመለሰላቸውም ነበር። በማግሥቱ ሰዓቱ ሳይደርስ ቴሌቪዥኑን አስከፈቱ። ክርክሩ በየምሽቱ ሆነ። ሲኞራዋ እናት ቀበሮን ይከሳሉ፣ ሜላት ትከላከላለች። እናቷን ከበር ኋላ የምትጠብቀው ልጅ፣ ለእናት ቀበሮ ጠበቃ ቆመች። ጫማ ማድረግ ተወች። ጊዜ የላትም፤ የምትመልሰው ነገር እየበዛባት እራቷን ራሱ ጎርሳ ነው የምትከራከረው።

አንድ ምሽት ሜላት ትኩሳት ይዟት ተኝታ ስልክ አላነሣችም። ሲኞራ ኤልቪራ ሾርባቸውን ሳይነኩ መለሱ። ቀበሮዋንም አጥፊያት አሉ። ጠዋት ጽጌን ጠርተው፣ ልብስ የሚተኮስበትን ትንሹን ክፍል ባዶ አድርጊ አሏት። ጽጌ ለሌላ ሠራተኛ መስሏት፣ ሊያባርሩኝ ነው ብላ ሻንጣዋን ማውጣት ጀመረች።

«ልጅቷን አምጫት» አሉ ሲኞራዋ። «ከስልክ ጋር መከራከር ሰለቸኝ።»

ጽጌ ይህን ልትነግረኝ ሐሙስ መጣች። እያለቀሰች ትስቃለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። ሲኞራ ኦርኔላ ከማዶ ሆነው አይተው ብርቱካን ወረወሩልን። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሐበሻ ይሉኝታ ይዞኝ ጥያቄውን ዘልዬ አላውቅም። ጥቂቶች ተቀይመውኛል፤ ይቀየሙ።

ሲኞራ ኦርኔላ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። ሙያውም ተለወጠ። ዛሬ ወላጅ ስልኩን ይጠይቃል፤ ስልኩም ከስድስት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ይሆናል ብሎ ይመልሳል። ግድግዳቸው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይኑር አይኑር አያጣራም። ኮፔራቲቫውም እኔን የሚተካ ሰው አልቀጠረም። አለቃው በስንብቱ ረዥም ንግግር አደረገና ስሜን አሳስቶ ጠራው። በማሰሮ የተተከለ አበባም ሰጠኝ።

በመጨረሻዋ ሐሙሴ ጠረጴዛዬን እያጸዳሁ ሳለ በሩ በወንበር ጎማ ተገፋ። ሲኞራ ኤልቪራ ናቸው፤ ከንፈራቸውን ቀይ ተቀብተው፣ ሻርፓቸውን አጣፍተው። የምትገፋቸው ጽጌ ናት። ሜላት በአጠገባቸው ቆማለች፤ ቁመቷ የእናቷ ትከሻ ደርሷል። የመጡት በክስ ነው። ሜላት አዲስ ካርቱን ልይ ብላለች፣ ሲኞራዋም ካላየሁት አይታይም ብለዋል፣ ጽጌ ደግሞ ሁለቱንም ከልክላለች። ለቤተሰባችን ይስማማል ወይ ብለው በላቲን መምህርት ድምፅ ጠየቁኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ቤት ውስጥ ማን ማን አላችሁ አልኩ።

ሲኞራ ኤልቪራ በጣታቸው እየቆጠሩ ሦስት ነን አሉ። ሁሌ ሦስት ናችሁ ወይ አልኩ፤ ሥራዬ ነውና። ሐሙስ ከሰዓት ሲቀር አለች ጽጌ፣ እሑድን አብሬያቸው ነው የማሳልፈው፣ ሐሙስ ግን ዕረፍቴ ስለሆነ ሁለቱን ትቼ እወጣለሁ። ዛሬ ግን ለእርስዎ ብዬ ነው አብሬያቸው የመጣሁት።

ሜላት አንገቷን ደፋ አድርጋ ወደ እኔ ተጠጋች። በእናቷ ፊት በሹክሹክታ፣ ግን ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ ተናገረች።

«እትዬ አስካለ፣ እኛ የምንወደው ሐሙስን ነው። እማዬ የማትኖርበት ብቸኛ ቀን እሱ ነው።»

ሲኞራ ኤልቪራ በጥፋተኛነት ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ጽጌ «ሰሙልኝ?» አለችኝ። ሰማሁ። ካርቱኑን ማሽኑ ላይ አደረግኩት፣ ድምፁን አጠፋሁ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ የሦስቱንም እግር ማየት ጀመርኩ።